የዓርቡ ቅጂ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ወንበር ያልደረሰው ፍራሹ ላይ ይቀመጥ። የምነግራችሁ ረጅም አይደለም፤ ግን ቆመው የሚሰሙት ነገርም አይደለም። እዚሁ ናይሮቢ፣ በእኛው መሃል የሆነ ነው፤ ከእኛም ውስጥ እጄ የለበትም የሚል ያለ አይመስለኝም።

"እጅዎን ለማን ነበር ያነሱት?" አለች ምርቃት።

ልቅሶ በተቀመጠች በሁለተኛው ቀን ነው፣ ሰኞ ከሰዓት። ሐርሊንግሃም ካለው አፓርታማዋ ሳሎን ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጥፏል። የጠየቀቻቸው እትዬ ጥሩወርቅን ነው። እትዬ ጥሩወርቅ መሃል ከተማ ምግብ ቤት አላቸው፤ የምርቃት እናት የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ እናትየው ካረፈች ወዲህ እዚህ አገር እናቷ እሳቸው ናቸው። ንፍሮ በሳህን ይዘው፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ቢያቀምሷት ብለው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

"የቅዳሜውን ነው የምልዎት" አለች ድምጿን ሳታነሣ። "ስልኩን ወደ ላይ ይዘው የቆሙት። ለማን ነበር?"

 

"ላንቺ ነው ልጄ" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "ለሌላ ለማን ይሆናል።"

ምርቃት ሳህኑን አልተቀበለችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቷ አቶ ተክሉ ያረፉት ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞ ነው፤ አዳማ፣ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ። በማግስቱ ተቀበሩ። ምርቃት መርዶዋን የሰማችው ግን እሁድ ጎሕ ሲቀድ ነው። መሃሉን ስድስት ቀን እኛ እናውቃለን፣ እሷ አታውቅም። ወጋችን ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻዋን ለምትኖር ሴት ልጅማ ጭራሽ። ሰው ይሰበሰባል፣ በጠዋት በር ይንኳኳል፣ ከዚያ ይነገራል። ይህስ ባልከፋ። የከፋው መሃሉ ላይ ያቺ ቅዳሜ መኖሯ ነው።

ምርቃት ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሠራተኛ ጉዞ የምታሰናዳ ናት። በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ቤዝ ጊታር መማር ጀመረች። የሳቀባት ብዙ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ "ባል በምትፈልጊበት ዕድሜ ክር ትጎትቻለሽ?" አላት። "ክሩ ቢያንስ ሲጎትቱት መልስ ይሰጣል" አለችው፤ ደግሞ አልተናገራትም።

ነገሩ ከአባቷ የወጣ ነው። አቶ ተክሉ ሠላሳ አንድ ዓመት በፖሊስ ሙዚቃ ክፍል ቤዝ የመቱ ሰው ነበሩ። ኋላ የሚቆሙ፣ ፎቶ ላይ ግማሽ ፊታቸው ብቻ የሚታይ፣ ግን እሳቸው የቀሩ ቀን ዘፋኙ መግቢያው የሚጠፋበት ዓይነት ሰው። ጃዝም ላቲን የሚባለውን የደቡብ አሜሪካ ሙዚቃም ይወዱ ነበር፤ ያስተማራቸው ግን አልነበረም።

ልጅቱን ያስተማራት ጆኒ ነው። ጆኒ ኬንያዊ ነው፣ የኪሱሙ ከተማ ሰው፤ ሃያ ዓመት በሆቴል ባንድ ተጫውቶ፣ አሁን ቶም ምቦያ ጎዳና ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራል። ጃዙ ብዙም አልከበዳትም። በጃዝ ቤዙ ይራመዳል፤ በየምቱ አንድ እርምጃ፣ ሳይሮጥ፣ ሳይቆም፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው። ያስለቀሳት ላቲኑ ነው። በላቲን ቤዙ የዙሩን የመጀመሪያ ምት አይነካትም። የሚመጣውን ድምፅ ቀደም ብሎ፣ ያለፈው ዙር ሳያልቅ ያስገባውና፣ "አንድ" ሲባል ዝም ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ "አንድ" ላይ በእግሩ ካልረገጠ ዘፈኑ የጀመረ አይመስለውም። ሦስት ወር ፈጀባት።

የተማረችውን ይዛ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለአባቷ በስልክ ታስተምራለች። ቦታ ተቀያየሩ ማለት ነው። "መምህርት" ይሏት ጀመር። እሷ ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ይመቱና በስልካቸው ቀድተው ይልካሉ፣ እሷ ታርማለች።

"አባዬ፣ አሁንም አንዷን መታሃት።"

"ምን ላርግ መምህርት። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅሁትን በር ክፍት ትቼ ልሂድ? ፖሊስ ነኝ እኮ።"

"ጡረታ ወጥተሃል።"

"እኔ ነኝ የወጣሁት። እጄ አልወጣም።"

ያቺ ቅዳሜ የጆኒ ተማሪዎች በሰው ፊት የሚጫወቱባት ቀን ነበረች። አቶ ተክሉ በስልክ ሊያዳምጡ፣ ለዚያውም ሙሉ ልብስ ለብሰው ሊቀመጡ ቃል ገብተውላት ነበር። አምስት ቀን ሲቀራት አረፉ።

አዳማ ከአባቱ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ይድነቃቸው ለእትዬ ጥሩወርቅ ደወለ። እሳቸው እኛን ጠሩን። ዛሬውኑ ይነገራት ያለ ነበረ። እትዬ ጥሩወርቅ፣ "ቅዳሜን ትጫወት፤ አባቷም የጠበቃት እሷኑ ቀን ነው" አሉ። ተያየንና ተስማማን።

ይድነቃቸው ለእህቱ፣ አባዬ ጉሮሮው ታሟል፣ ሐኪም እንዳይናገር ከልክሎታል አላት። እንዳትጠረጥር ደግሞ ከአባቱ ስልክ ውስጥ፣ አቶ ተክሉ አልጥም ብሏቸው ሳይልኳቸው የቀሩ ቅጂዎችን እያወጣ፣ በአባቱ ስም ይልክላት ጀመር። ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ አንድ፣ ሐሙስ አንድ። እሷም ሥራ ውላ ስትገባ ቁጭ ብላ የሞተ ሰው ታርማለች። "ገና ነህ አባዬ። ወደ ውስጥህ ቁጠራት እንጂ አትምታት" ትላለች።

ዓርብ አራተኛው መጣ። ድምፁ ቀጠን ይላል፤ "መብራት ጠፍቶ ያለ ማጉያ ነው" የሚል ጽሑፍ ተከትሎታል። ግን ምቷ የለችም። አንዷ ባዶ ናት። ምርቃት ቢሮ ውስጥ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። "ይሄ ነው አባዬ! ገባህ!" ብላ በድምጿ ላከች። መሰማቱን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው ሰማያዊ ሆነ።

በማግስቱ እንዴት አድርጋ እንደተጫወተች አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም አላውቅበትም። እትዬ ጥሩወርቅ፣ አባቷ የሚያዳምጡ አስመስለው ስልኩን ወደ መድረኩ አንስተው፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ክንዳቸው ሳይወርድ ቆሙ። እኛ ሁለት ረድፍ ሞልተን ነበር፤ አጨበጨብን። ከመሃላችን እንባው ያመለጠውም ነበረ፤ ደስታ መሰላት።

እሁድ ጎሕ ሲቀድ በሯን አንኳኳን። ፈገግ ብላ ከፈተች። እንኳን ደስ ያለሽ ልንላት የመጣን መስሏት፣ "ምነው በዚህ ጠዋት፣ ቡና እንኳ አልጣድኩም" አለች። ያንን ፊቷን ዛሬም አየዋለሁ።

እንግዲህ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላለቀሰችም። ሴቶቹ ቤዝ ጊታሯን ወደ ጥግ አዙረው በአንሶላ ሸፈኑት። በሹክሹክታ፣ ካላወጣችው ትታመማለች ይባባላሉ። እሷ በጆሮ ማዳመጫ አራቱን ቅጂዎች እየደጋገመች ትሰማለች። በመጨረሻ ቀና ብላ፣

"የዓርቡ መቼ ነው የተቀዳው? አባቴ ገብቶት ነበር ወይ? ይህን ብቻ ንገሩኝ፤ የቀረውን ይቅር እላችኋለሁ" አለች።

አናውቅም ነበር። ይድነቃቸው ነገ በአውሮፕላን ይገባል፣ እሱ ይነግርሻል አልናት።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት ጆኒ መጣ። ታች በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የለቀስተኛውን ሁሉ ስምና መታወቂያ ቁጥር መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ነው፤ ጆኒም ተሰልፎ ወጣ። "ፖሌ ሳና" አላት በስዋሂሊኛ፣ አይዞሽ እንደማለት። ቀጥሎ ወደ እኛ ዞረ። በእነሱ ዘንድ ሞት በሰዓቱ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ አዝማድ የሚሰበሰበው ከዚያ በኋላ ነው። "እኔ ቁጥር ቆጥሬላት ስትጀምር እናንተ ታውቁ ነበር" አለን።  

ምርቃት ማዳመጫውን ሰጠችው። ዓይኑን ጨፍኖ አራቱንም ሰማ፤ እንደገና ሰማ።

"ሦስቱ የአንድ ሰው እጅ ናቸው" አላት። "ትልቅ ሰው፣ ብዙ የመታ እጅ። ይሄኛው ሌላ ሰው ነው። ክሩን ገና አልለመደውም።"

"ግን ምቷን ትቷታል።"

"ትቷታል። አንቺ ከመተውሽ በፊት ትንሽ እንደምትቸኩዪው እሱም ይቸኩላል። አንቺ ያስተማርሽው ሰው ነው።"

"ከአባቴ በቀር ማንንም አላስተማርኩም" አለች።

ጆኒ ማዳመጫውን ጠቅልሎ እጇ ላይ አስቀመጠላት። 

ማክሰኞ ሠልስቱ ነው። ይድነቃቸው ከአውሮፕላን ማረፊያ እንደመጣ ገባ፤ ሴቶቹ ሙሾ አወረዱ፤ ወንዱም ሴቱም አለቀሰ። እህቱን አቀፋት። እሷ እንደ ግንድ ቆመችለት። የጠበቀችው ጥያቄ ከንፈሯ ላይ ነበረ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ግን አላወጣችውም።

ምሳ ቀረበ፤ ቀይ ወጥ ነው፣ የእትዬ ጥሩወርቅ ምግብ ቤት ያመጣው። ይድነቃቸው ማንኪያ ለመነ። ማንኪያውንም በግራ እጁ ይዞ እንጀራውን ይታገለው ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ሙሉሸዋ፣ በሐዘን መሃል ነገር የማያልፋቸው ሴት፣ "ልጁ ከአዳማ ነው የመጣው ወይስ ከለንደን?" አሉኝ በጆሮዬ።

ምርቃትም አየችው። ከፍራሿ ተነሥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ይድኔ፣ ቀኝ እጅህን አምጣ።"

"ምንም አልሆነም።"

"አምጣ አልኩህ።"

ሰጣት። የሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ጫፍ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ፣ ቆዳው ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል። በርበሬ እንዴት ይነካዋል! ሌላው ሰው ምን እንደሆነ አላወቀም። እሷ አወቀች፤ በመጀመሪያው ወር የእሷም እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ የተላጡት።

"መቼ ነው?"

"ሐሙስና ዓርብ።" አንገቱን ደፋ። "ቅጂው አለቀብኝ ምሬ። ሦስት ብቻ ነበር የቀረው። ዓርብ ምን ልላክልሽ?"

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ፣ ጓዳ ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ከነጊታሩ ጋቢ ተከናንቦ፣ ድምፁ እንዳይወጣ ያለ ማጉያ መታ። በልቅሶ ቤት።

"አባቴ በተቀበረ በሠልስቱ ጊታር መታሁ" አለ። "አንድ ሰው ቢሰማኝ ምን እላለሁ?"

"ማን አሳየህ?"

"አንቺ። ለእሱ የላክሽውን ሁሉ ከፍቼ ሰማሁት። ወደ ውስጥህ ቁጠራት አልሽ። ቆጠርኳት።"

ምርቃት እጁን አልለቀቀችም። ቀጥሎ ምን እንደምትጠይቀው ሁላችንም አውቀናል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ይዋሽላት ብለን በልባችን ለመንን። ስድስት ቀን ዋሽተን አልጠገብንም ነበር።

"እሱስ ይድኔ? ገብቶት ነበር?"

ልጁ ዓይኗን አየ።

"አልገባውም" አለ። "እሁድ አንቺ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ሰባት ጊዜ ሞከረ። እኔ እቆጥር ነበር። ሰባቴም መታት። ሳቀና ጊታሩን አስቀመጠ። 'እሷ ከቻለች ይበቃኛል፤ እኔ ፖሊስ እንደሆንኩ ልሙት' አለ።"

መጀመሪያ የሳቀች መሰለን። ትከሻዋ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ከዚያ "አባዬ" የሚል ድምፅ ወጣት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ወጣት። እንግዲህ ያ ልቅሶ ጎረቤት ኬንያዎቹን ሁሉ ወደ ደረጃው አወጣቸው። ማንም አልያዛት፣ ማንም አላባበላት። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ "ሰባት ጊዜ" እያለች ታለቅስ ነበር።

ዛሬም ድረስ እትዬ ጥሩወርቅን ከልቧ ይቅር ማለቷን አላውቅም። ሰላም ይባባላሉ፣ ትጠይቃቸዋለች፤ ግን መድረክ ላይ ስትወጣ ማንም ስልክ እንዲያነሣ አትወድም። እኛም ልክ ሠራን ወይስ አጠፋን ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ።

የማውቀው የዚያን ዕለቱን ነው። ልቅሶው ሲበርድ ምርቃት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። የወንድሟን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች፤ ማንኪያውን ከእጁ ወስዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። እንጀራውን ቆርሳ፣ ወጡን ጠቅልላ፣ ወደ አፉ አደረሰችለት። ያ ትልቅ ሰውዬ አፉን ከፈተ። አንድ አጎረሰችው፤ ደገመችው። ሦስተኛዋን ጠቀለለችና፣ ጥቂት ይዛት ቆይታ፣ ራሷ ጎረሰቻት።

ልጆቼ፣ እናንተም ልቅሶ ቤት መግባታችሁ አይቀርም። ስትገቡ ሁሉም የሚያባብለው መርዶ የተነገረውን ሰው ነው፤ ደግ ነው፣ አባብሉት። ግን እዚያው ቤት፣ ጥግ ላይ፣ መርዶውን ብቻውን ተሸክሞ የሰነበተ አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም እንዴት ሰነበትክ አይለውም። አደራችሁን፣ እሱንም አስቡልኝ።