በሹራብ እጅጌ የወጣ ገብስ

ዳግኒ ሹራቧ እጅጌ ላይ የተሰካውን የገብስ ጢም ያየችው፣ እጇን እስከ ክርኗ በወንድሟ መጋዘን ባሉት የዘር ጆንያዎች ውስጥ እየከተተች ዘሩን ስትደባልቅ ካመሸች በኋላ ነው። የወንድሟ ገብስ ጢሙ አጭርና ነጣ ያለ ነው። ይሄኛው ረጅም ነበር። ፍሬው ግን ጫፉ ላይ የለም።

ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባት። የምትሠራበት የፊት ቅባት ፋብሪካ በግሪን ሃውስ የሚያበቅለው ገብስ፣ በፍሬው ውስጥ ቆዳ የሚያለሰልስ የሰው ፕሮቲን እንዲሠራ ዘረመሉ የተለወጠ ነው። አንዲት ፍሬ እንኳ ከዚያ እንዳትወጣ የበግ ሱፍ ልብስ ለብሶ መግባት ክልክል ነው፤ ጢሙ ሱፍ ላይ ተሰክቶ ይወጣል። ማስጠንቀቂያውን በሩ ላይ በቀይ ቀለም የጻፈችው ራሷ ናት። በቅርቡ አንዲት ሠራተኛን በሱፍ ካልሲ የተነሳ ሰው ፊት አስለቅሳለች። ትናንት ግን የሙቅ ውሃው ቧንቧ ፈንድቶ ግሪን ሃውሱ ሲቀዘቅዝ፣ ለአንዴ ምን ይመጣል ብላ የሱፍ ሹራቧን ደረበች።

"ምነው ቆምሽ?" አለ ወንድሟ ስቱርላ የመዝሪያ ማሽኑን እያስጠጋ። "የፋብሪካ ሰው ሆነሽ ጆንያ ከበደሽ?"

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እሷ ግን የሚመጣው ሁሉ ታያት፤ ፍሬዋ በቅላ፣ በየዓመቱ በዝታ፣ የጎረቤት ማሳ ገብታ፣ የመንደሩ እህል በሙሉ ሲደፋ፣ ልጇም ትምህርት ቤት "የዚያች ሴትዮ ልጅ" ስትባል።

"ስቱርላ፣ አትዝራው።" ጢሙን መዳፏ ላይ አሳየችው። ፊቷ ጋለ። "ከእኛ ግሪን ሃውስ ነው። ፍሬው ዘርህ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም።"

ስቱርላ ሳቀ። "እንግዲህ ላሞቼ በስተርጅና ቆዳቸው ሊለሰልስ ነው።" ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። "ሹራብ ለብሰሽ ገባሽ? አንቺ?"

"እኔ።"

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ዘሩ አባታቸው የአይስላንድን ብርድ የቻለውን እየመረጠ ዕድሜውን ሙሉ ያቆየው ነው፤ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ለኃላፊዋ ለአውዱር ደወለች። አውዱር ሰምታ ስትጨርስ "ማን ነው የለበሰው?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

አውዱር ወዲያው ወደ ትእዛዙ አለፈች። "ጆንያዎቹን እንዳትነኩ። ነገ ወስደን እናቃጥላቸዋለን። መጋዘኑን ቆልፉት። ያንቺን ጉዳይ ከዚያ በኋላ እናያለን።"

"ምን አለች?" አለ ስቱርላ።

"ይቃጠላል።"

ስቱርላ አንዱን ጆንያ በመዳፉ ዳበሰው፤ የታመመ በግ የሚዳብስ ይመስል ነበር።

"ትንሽ እንኳ አይተርፍም?"

"የቱ ንጹሕ እንደሆነ ማን ይለየዋል? ሁሉንም ደባልቄዋለሁ።"

እዚያ አገር መጋዘን የሚቆልፍ ገበሬ የለም። ስቱርላ ጀልባው ቤት ሄዶ የዛገ ጓጉንቸር ፈልጎ አመጣና በዘይት አሸው። ምሽት ቢሆንም በዚያ አገር ወቅት ሰማዩ ገና ብርሃን ነበር። ጎረቤታቸው በመንገዱ ሲያልፍ መኪናውን አቀዝቅዞ አያቸው። ዳግኒ አንገቷን ደፋች።

ስቱርላ ጓጉንቸሩን ዘረጋላት። "አንቺው ቆልፊው" አለ፣ ሳይቆጣ።

የዛገው ጓጉንቸር መጀመሪያ እምቢ አለ። ደግማ ስትጫነው ቀጭ ብሎ ተዘጋ።