የማይታይ ብየዳ

ይሄን ቀኝ እጄን ቁረጡልኝ! ሰው በመጠጥ ይበላሻል፣ ሰው በክፉ ጓደኛ ይበላሻል፤ እኔ ማናሴ ግን በገዛ ሙያዬ ነው የተበላሸሁት።

ከመነሻው ልንገራችሁ። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፣ በያጅ ነኝ። ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ውስጥ ከባለቤቴ ከፅናት ጋር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለን። ከፊት ዳቦና የስልክ ኤርታይም እንሸጣለን፣ ከኋላ ፍራሽ ዘርግተን እንተኛለን። ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ ከኮዝሞ ሲቲ እስከ ጻካኔ እየዞርኩ ለሐበሻ ሱቆች የብረት ፍርግርግ እበይዳለሁ። ሐበሻ ደግሞ ብረት አይጠግብም! የፊቱ አልቆ የኋላው፣ የኋላው አልቆ የጣሪያው። «ማናሴ ወፈር አድርገው፣ ማናሴ አጥብቀው» ነው ነጋ ጠባ። እኔም አጠበቅኩ።

ለአንዱዓለምም አጥብቄለት ነበር። ጻካኔ ሱቅ የነበረው፣ በእናቴ በኩል የሚዛመደኝ ልጅ ነው። የዛሬ አራት ወር ሎኬሽኑ፣ ሰፈሩ ማለት ነው፣ ሲረበሽ ሱቁን ከፊት ለፊት ለኮሱበት። በኋላ መስኮት ሊወጣ ሮጠ፤ የኋላው መስኮት ላይ ያለው የኔ ብረት ነው። ጎረቤቶቹ በዶማ ሞከሩ፣ በገመድ ከመኪና አስረው ሁሉ ጎተቱት አሉኝ። አልተነቀለም። ለቅሶው ላይ አንድ ሰውዬ፣ ሊያጽናናኝ ይሁን ሊወጋኝ አላውቅም፣ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ሥራህስ ሥራ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ፅናት ፊቷን ወደ ኋላው መስኮታችን አዙራ ነው የምትተኛው። እርጉዝ ናት፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። «ማኔ፣ እንደ ዶሮ ታጥሬ አልወልድም። ወይ ሌላ ሥራ ፈልግ፣ ወይ አገሬ ላከኝ» አለችኝ። ብረቱን ቁረጠው አላለችኝም። በዓመት ውስጥ ሁለቴ ተዘርፈናል፤ ሌባውንም እሳቱንም እኩል ነው የምትፈራው። እኔም እንደሷው።

እንግዲህ ማስታወቂያውን ያገኘችው ራሷ ናት፣ በስልኳ። ደርባን ያለ መርከብ የሚሠራ ድርጅት ስድስት ጀማሪ በያጆች ይፈልጋል። የመርከብ ልምድ አይጠይቅም፣ የጥገኝነት ፔፐር ያለውንም ይቀበላል፣ ቤት ይሰጣል። ፎቶው ላይ የቤቱ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ መጋረጃው ወደ ውጪ ይውለበለባል። ፅናት ያቺን ፎቶ ስንቴ እንዳየቻት ጌታ ይወቀው። ፈተናው እዚሁ ጀርሚስተን፣ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ነው ተባለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ጾመልኝ። እኔ መርከብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም! እዚህ አገር የገባሁት በጭነት መኪናና በእግሬ ነው፤ ጆበርግ ውስጥ ደግሞ ውሃ ማለት ቧንቧ ነው። ብረት ግን ብረት ነው ብዬ ሄድኩ።

አርባ አንድ ሰው ነበርን። ፈታኙ ሚስተር ናይዱ የሚባል፣ የደርባን ተወላጅ የሆነ ህንድ ሽማግሌ ነው። ለያንዳንዳችን ጣት የሚያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት ብረቶች ሰጠን። ብረቶቹን አቁመን፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረብን በሦስት ድርብ እንበይዳቸዋለን። የተሰጠን ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። በየድርቡ መሃል የብየዳውን ቅርፊት የምናጸዳበት መሞረጃ፣ ግራይንደር፣ ጠረጴዛው ላይ አለ።

አቤት ያን ቀን እጄ! ውሸት ከተናገርኩ ጌታ ይፍረድብኝ፣ እንደዚያ በይጄ አላውቅም። የመጨረሻው ድርብ እንደ ሹሩባ ተደራርቦ ወጣልኝ። ሃያ ደቂቃ ተርፎኛል። ከጎኔ የነበረው ልጅ ብየዳው የፍየል በጠጥ ይመስላል፤ እሱ ግን እንዳለ ትቶት መነጽሩን አውልቆ ቆሟል። «ይሄ ምስኪን ሥራውን ሳይጨርስ ቆመ» ብዬ አዘንኩለት። እኔ ነኝ ያዘንኩለት፣ ሰምታችኋል?

ሆሳዕና ብየዳ ያስተማሩኝ ጋሼ አቢሶ ማጅራቴን በጥፊ እያሉ «ብየዳው ከታየ በያጁ አፍሯል!» ይሉኝ ነበር። በርና መስኮት ሲሠራ እንዲያ ነው። በይደህ ትሞርደዋለህ፣ ስቱኮ ትቀባዋለህ፣ በቀለም ትሸፍነዋለህ። ባለቤቱ መጥቶ ጣቱን ሲያሳልፍበት ጎርበጥ ካለው አይቀበልህም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ብየዳዬን ያየ ሰው የለም፤ ኩራቴም እሱ ነበር። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ግራይንደሩን አነሳሁና ያን ሹሩባ ሞረድኩት። መስተዋት አስመሰልኩት። ሁለቱ ብረት አንድ ሆነ።

ሚስተር ናይዱ መጣና ጣቱን አሳለፈበት። መነጽሩን አወለቀ።

«ብየዳህ የታለ?»

«አይታይም፣ ጌታዬ!» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ደረቴን!

ሽማግሌው ተነፈሰ። «የላይኛውን ድርብ ሞርደህ እንዴት አድርጌ ልፈትሽ? ስንቱ በያጅ ነው የብየዳውን ቀዳዳ በግራይንደር የደበቀው። ይሄን ማንም በያጅ ያውቀዋል ብዬ ነው አስቀድሜ ያልነገርኳችሁ። የማላየውን ብየዳ ባሕር ላይ አልልክም፣ ልጄ» አለኝና ስሜ ላይ መስመር አሰመረ።

ለመንኩት። ሰው ፊት ተንበረከክሁ፣ ምን አፍራለሁ! «ስበረው! እጠፈው! ውስጡን እየው! ሚስቴ እርጉዝ ናት!» አልኩት። አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ብረቱን ወስዶ መጭመቂያው ማሽን ውስጥ አስገባው። ብረቱ ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ እንደ ፈረስ ጫማ ሆነ። አልተሰነጠቀም። ፀጉር የምታህል መስመር እንኳን አልወጣችበትም። ሽማግሌው ብረቱን እጁ ላይ አገላብጦ አየው።

«ጥሩ ብየዳ ነበር» አለኝ። «ግን መጀመሪያ በዓይን ማለፍ አለበት። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። የሚቀጥለው ዓመት ተመለስ።»

የሚቀጥለው ዓመት! ባለ በጠጡ ልጅ አለፈ። እኔ የጎበጠውን ብረት አቅፌ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ኦሬንጅ ፋርም ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ታክሲው ውስጥ ማንም ምን ሆንክ አላለኝም።

ፅናት በፍርግርጉ ቀዳዳ ለአንዲት ሴትዮ ዳቦ እያቀበለች ነበር። ፊቴን አየችኝ።

«ማኔ?»

«ወደቅኩ።»

አላለቀሰችም። የሴትዮዋን መልስ ቆጥራ ሰጠቻትና «ጌታ ያውቃል» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልብሴን እንኳን ሳልቀይር ግራይንደሬን ይዤ ወደ ኋላው መስኮት ዞርኩ። ከውስጥ ሮጣ መጣች።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ልቆርጠው ነው።»

«ሌባስ?»

«ሌባ ይግባ! ዳቦውንም ይውሰድ፣ ፍሪጁንም ይውሰድ! አንቺ ግን መውጫ ይኑርሽ።»

ሦስት ብረት ቆረጥኩ። ነገ በር አበጅለትና መቀርቀሪያውን ከውስጥ አደርገዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቼ ራሴ ሞከርኩት። ጭንቅላቴ፣ ትከሻዬ፣ ወገቤ አለፈ፤ ውጪ ወጣሁ።

«ነይ፣ አሁን አንቺ ሞክሪው» አልኳት።

የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጣች። ጭንቅላቷ አለፈ። ትከሻዋ አለፈ። ሆዷ ላይ ስትደርስ ቆመች። በጎን ዞራ ሞከረች፣ ትንፋሿን ውጣ ሞከረች። በራሴ ቁመና ለክቼ ነው የቆረጥኩት፣ ደንቆሮ!

«አላሳለፈኝም» አለች፤ ድምፅዋ ያን ጊዜ ተሰበረ።

ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ መለስኳት። «ቆዪ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይ» አልኳትና ግራይንደሩን አራተኛው ብረት ላይ አሳረፍኩት። የመቁረጫው ዲስክ አልቆ ነበር፤ ብረቱም ወፍራም ነው፤ ብየዳውም ወይ ፍንክች። ሥራዬስ ሥራ ነው።