የለይኩን ሰርግ

ስሚማ ውዴ፣ ያን ባየልኝን ታውቂው የለ? ኧረ ያ የመተማ ዮሐንሱ፣ አዲስ አበባ ሄዶ «የአርቲስቶች ጋዜጠኛ ነኝ» እያለ ሲንጎራደድ የነበረው! መጽሔቱ ሲዘጋበት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ተመለሰና ሀጂ አብዱረሕማን ሞባይል ቤት ውስጥ ስልክ ጠጋኝ ሆነ። ልቡ ግን አዲስ አበባ ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ወሬ ይለቃል፤ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን አረገዘች። አንዷን ተዋናይ «አፍንጫዋን በኦፕራሲዮን አሠራች» ብሎ ጽፎ፣ ለካ ንብ ነድፋት ነው! ማፈር የት ያውቅና፤ «ማስተካከያ» ብሎ የንብ ፎቶ ለጠፈ።

ከሁሉ ከሁሉ ግን የሚወደው የለይኩንን ወሬ ነበር። ለይኩን ዘፋኙ፣ የዚሁ አገር ልጅ። እናቱ እትዬ ውባንች ከሞባይል ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከባድ መኪኖቹ የጉምሩክ ተራ የሚጠብቁበት ጋ፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ ይሸጣሉ። ልጃቸው «አዲስ አበባ ይምጡ» ቢላቸው «ሙቀቱን ለምጄዋለሁ» ብለው እንቢ ያሉ ሴትዮ ናቸው። ባየልኝ ለይኩንን ስንቴ ዳረው መሰለሽ! አንዴ ከሞዴል፣ አንዴ ከሱዳን ሀብታም ልጅ። እትዬ ውባንች ማንበብ ስለማይችሉ ራሱ ተሻግሮ ያነብላቸዋል።

«አንተ ቀጣፊ! ልጄን ስትድረው እኔን ሳትጠራኝ?» ይሉታል።

«ኧረ እትዬ፣ ካርድ ልኬ ነበር፤ ጉምሩክ ያዘው እንጂ።»

«እውነት ከሆነ ለይኩን ይሙት በል!»

«እሱንስ አልልም» ብሎ ይሮጣል። ቀጣፊ ይሁን እንጂ በሰው ልጅ በውሸት አይምልም። እሳቸውም ውሸቱን የሚለዩት በዚህ ነው። ከት ብለው ይስቁና ከርከዴ ይቀዱለታል።

ታዲያ ሰሊጡ በደረሰ ጊዜ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። የድሮው የመጽሔት ጓደኛው ነው።

«ባዬ፣ ለይኩን ሞተ። ከባሕር ዳር ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ። እናቱ እዚያ አይደለች? ስትሰማ ቪዲዮ ቅረጽልኝ። በዚህች ሥራ ነገውኑ አዲስ አበባ አስመልስሃለሁ።»

ባየልኝ ቀና ሲል እትዬ ውባንች ማዶ በረዶ እየሰባበሩ ነው።

ሀጂ አብዱረሕማን ሰምተው ኖሯል። «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። «ወንድማቸው ከገለጉ ከተማ ይምጣ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ከቄሱ ጋር አብረን እንገባለን። እስከዚያ አንድ ሰው ትንፍሽ እንዳይል! አንተም፣ ያን ስልክህን ኪስህ ክተት።»

ወሬው ግን በየሰዉ ስልክ ገብቷል። ሾፌሮቹ ከርከዴ ይገዛሉ፣ የእትዬን ፊት ግን አያዩም። አንዱ መልሱን ሳይቀበል ሄደ። ባጃጅ ነጂው ፈሀድ የለይኩንን ዘፈን ለቆ ሲከንፍ ቢመጣ ሰው ሁሉ ዘሎ ወረረው። «ምን አጠፋሁ?» ይላል ምስኪን፣ እስካሁን አልሰማም።

እትዬ ውባንች የያዙትን ጆግ አስቀመጡ። «ዛሬ ምን ሆናችኋል? አንተ ወሬኛ፣ ና እስቲ! ሰዉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሸሸኝ? ልጄን ምን አሉት?»

ባየልኝ ተሻግሮ መጣ። ልማድ ነውና አፉ ቀደመው። «ሊያገባ ነው፣ እትዬ። በድንገት መጥቶ ሊያስደስትዎ ነው። ምስጢር ያዙ ተብለን ነው።»

«ደሞ ጀመረህ!»

«የአሁኑስ እውነት ነው።»

ትክ ብለው አዩት። «ለይኩን ይሙት በል።»

እስቲ አስቢው ውዴ። ካልማለ ሊያውቁ ነው፤ እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ ባዕድ ሾፌር መሀል። ሀጂ አብዱረሕማን አንገታቸውን ደፉ።

«ለይኩን ይሙት» አለ ባየልኝ።

እልልታውን ብትሰሚ! አንገቱ ላይ ተጠመጠሙበት። «ማን ትባላለች? የማን ልጅ ናት?»

ያ ወሬ የማያልቅበት ልጅ አለቀበት። «ስሟን... ራሱ ሲመጣ ይነግርዎታል።»

የቀረውን ከርከዴ ለሾፌሮቹ በነጻ አደሏቸው። እነሱስ ምን ያድርጉ? «እንኳን ደስ ያለዎት» እያሉ ጠጡ። አንዱ ተራራ የሚያክል ሰውዬ ብርጭቆውን ይዞ ተሳቢው ኋላ ሄደና እዚያ ተደብቆ ጠጣ።

ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎቹ ሲደርሱ ግቢው ተጠርጎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት ነበር። እትዬ ውባንች የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው በር ላይ ወጡ።

«ወንድምዬ! ከገለጉ ድረስ ሰማህ? ሀጂም፣ አባም! እኔ እኮ ሽማግሌ የምልከው የልጅቷን አገር ሳውቅ ነው ብዬ... ኧረ ግቡ፣ ምን ያስቆማችኋል?»

ማንም አልገባም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልነግርሽም፤ እኔም አልችለው።

ባየልኝ አጥሩ ጥግ ቆሞ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲነዝር ሲነዝር፣ አላነሳውም። ቪዲዮውን ሌላ ሰው ቀርጾ ለቀቀው፤ ረፋድ ላይ አገር አየው። አዲስ አበባም ቀረ፣ ቻናሉንም ዘጋው። ሞባይል ቤቱ አሁን የሚገባው በጓሮ በር ነው፤ በእትዬ ውባንች ፊት ማለፍ አቃተው።

እትዬ ውባንች ከአርባው በኋላ ከርከዴያቸውን ይዘው ወጥተዋል። የሀጂ ልጅ ሙባረካ፣ የባየልኝ ጓደኛ፣ ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ትቀመጣለች። አንድ ቀን ታዲያ ባየልኝ ስልክ እየፈታታ፣ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ረገሙኝ አይደል?»

ሙባረካ ያለችውን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ኧረ አልረገሙህም። ‹ለይኩን የልጅቷን ስም ሳይነግረኝ ቀረ› ነው የሚሉት።»