ያልተጣሉት እህትማማቾች

የቴብስ ከተማ ሰው ሲጣላ ሃርሞንያ ዘንድ ይሄዳል። የስምምነት አምላክ ናት፤ ሰው የሆነውን ንጉሥ ካድሞስን አግብታ ሠላሳ ዓመት በከተማው ኖራለች። የተጣሉትን ለየብቻ ታዳምጣለች። ሁለት ሰው አንድን ነገር በአንድ ዓይነት ቃል ከነገራት፣ ቀድመው እንደተመካከሩ ታውቃለች።

ልጇ ሴሜሌ እርጉዝ ሳለች መብረቅ አቃጠላት። የጽንሱ አባት መብረቅ የሚወረውረው አምላክ ዜውስ ነው ብላ ነበር። ከሐዘኑ ማዕድ ሳይነሱ ካድሞስ አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ አመዷ ከቤተሰቡ መቃብር ይግባ ወይስ ከከተማው በር ውጭ መንገድ ዳር ይጣል።

"ከአንድ ወታደር ነው ያረገዘችው። ነውሯን በአምላክ ስም ሸፈነች፤ እሱም ቀጣት" አለች ታላቅ እህቷ አጋዌ።

"ከአንድ ወታደር ነው ያረገዘችው። ነውሯን በአምላክ ስም ሸፈነች" አለች ኢኖ። ሦስተኛዋ አውቶኖዌም ያንኑ ደገመች።

ሃርሞንያ የያዘችውን የወይራ ፍሬ መልሳ አስቀመጠች።

"ወታደሩ ረጅም ነው አጭር?"

"ረጅም" አለች አጋዌ። "አጭር" አለች ኢኖ፣ እኩል ከእሷ ጋር።

"እሷ ያየችው ተቀምጦ ነው" አለች አውቶኖዌ።

ሦስቱም አፋቸውን በሻሽ ይዘው ሳቁ። በማበጠሪያ ሲደባደቡ ያደጉ፣ ከተዳሩ ወዲህም አንዷ የሌላዋን ደጃፍ ያልረገጠች ልጆች ናቸው። አብረው ሲስቁ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ሴሜሌ እውነቷን እንደነበር ሃርሞንያ ታውቃለች። ከሁለት ወር በፊት ልጅቷ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ ስትነግራት፣ በጸጉሯ ላይ የገዛ ዘመዶቿን፣ የአማልክቱን ጠረን አሽትታለች። ያን ጊዜ የመለሰችላት "ዝም በይ፣ እህቶችሽ ይቀናሉ" ብላ ነበር።

"አንቺስ የምታውቂው አለ?" አላት ካድሞስ። "ያንቺን ቃል ከሁሉም አስበልጬ እቀበላለሁ።"

"ምን ታውቃለች ብለህ ነው፣ አባዬ? እማዬ እንደሆነች ሰው ማስታረቅ እንጂ ወሬ አትወድም" አለች አጋዌ። እጇ ግን የኢኖን እጅ ጨብጦ ነበር።

ሃርሞንያ የተያያዙትን እጆች አየች። እውነቱን ብትናገር ከዚህ ማዕድ ተነስተው ዳግም አይገናኙም። የሞተችው አንዲት ናት፤ ያሉት ሦስት። ሂሳቡ ቀላል ሆኖ ስላገኘችው ራሷን ጠላች።

"የማውቀው የለም" አለች።

ሁለት አሽከሮች የአመዱን ማሰሮ አንስተው በከተማው በር በኩል ወጡ። ማንም አልሸኛቸውም።

"ቤቴ እንዲህ ሰላም ሆኖ አያውቅም። ያላንቺ አይሆንም ነበር" አለ ካድሞስ፣ ትከሻዋን ነካ አድርጎ።

ሴቶቹ ልጆች ከአንድ ሳህን ምስር እየበሉ ነበር። ዳቦው እንዳለቀባቸው አይታ፣ ከራሷ ቆርሳ በየተራ አቀበለቻቸው።