ያልተማሰለ ቀለም

«እንዳታማስይው! ተይው አሰገደች፣ እባክሽ ተይው!»

ያለምወርቅ ከለቀስተኛው መሀል ተነሥታ ሮጠች። የሐዘን ልብሷን ልትነክርላት ድስቱን ከምድጃ ያወረደችው ጎረቤቷ አሰገደች ማማሰያውን እንጨት እንዳነሣች ደርቃ ቀረች። ትኩሱ ውኃ ውስጥ ጠብ ያደረገችው ጥቁር ቀለም ማንም ሳይነካው በራሱ ይበተናል።

«ሐዘን አዙሯታል» አለች አንዷ በሹክሹክታ። ያለምወርቅ አልሰማቻትም፤ ዐይኗ ቀለሙ ላይ ነው። ለካ ሟቹ ባሏ እንዳላማው እውነቱን ነበር!

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እንዳላማው ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ሮብ ገበያ ተመልሶ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች በረት ውስጥ ያስተምር ጀመር። አንድ ምሽት ራቱን እንኳ ሳይቀምስ፣ «ሙቀት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አላት። «ሩጫ ነው! ውኃም ድንጋይም ዐይን ከማያያቸው ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ሲሞቅ ይሯሯጣሉ፣ ሲቀዘቅዝ ያዘግማሉ።»

«ማን እያባረራቸው?» ብላ ሳቀችበት። እሱም አብሯት ሳቀ።

አባቱ ቄስ ወልደ ሚካኤል ግን አልሳቁም። ልጃቸው ብርሌ ውስጥ ቀለም ያለ እጅ እንደሚያስኬድ ሲሰሙ፣ «አስማት ነው» ብለው ልጆቹ በረቱ ደጅ እንዳይደርሱ ገዘቱ። እንዳላማው ዓባይ በረሃ ወርዶ ንዳድ ይዞት ሲሞት አልታረቁም ነበር። ይኸው ቄሱ ከቀብሩ ወዲህ በለቀስተኛው መሀል አንድ እንባ ሳያወጡ ተቀምጠዋል። ለአስማተኛ እንዴት ይለቀሳል?

«ሁለት ብርሌ አምጡልኝ!» አለች ያለምወርቅ።

በአንዱ የምንጭ ውኃ ቀዳች፤ በሌላው እንዳይሰነጠቅ ቀስ እያለች የሞቀ ውኃ ሞላች። በአማቷ በቄሱ ፊት አስቀምጣ በየብርሌው አንድ አንድ ጠብታ ጣለች።

«አባቴ፣ ይዩልኝ። እጄ ይኸው፤ አልነካሁትም።»

በቀዝቃዛው ጠብታው እንደ ክር ቀጥኖ ወረደና ከታች ተኛ። በሞቀው ግን ዞረ፣ ተበተነ፣ ብርሌውን ሞላው። ለቀስተኛው ልቅሶውን ረስቶ ተንጠራራ።

«እኔ አስማት አላውቅም። ማንም ቢያደርገው ይሆናል!» አለች። «አሰገደችም አሁን አድርጋዋለች!»

«እኔ ምን አድርጌ!» አሰገደች አማተበች። ሰው ሳቀ፤ ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ደግሞ ሳቁን ዋጠ።

ቄሱ ደጃፉ ላይ ወደ ተኮለኮሉት ተማሪዎች ዞሩ። «ምን ብሎ አስተማራችሁ?»

«ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ይሯሯጣሉ፣ አባ» አለ ፈንታ የተባለው ደፋር። «ሲሯሯጡ ቀለሙን እየገፉ ይበትኑታል።»

«ሲቀዘቅዝስ? ይቆማሉ?»

«የኔታ እንዳላማው ያዘግማሉ እንጂ አይቆሙም ብለውናል።»

ቄሱ ቀዝቃዛውን ብርሌ ትኩር ብለው አዩት። ከታች የተኛው ጥቁር ዳር ዳሩ መሳሳት ጀምሯል።

«እግዚአብሔር ይፍታችሁ። ግዝቱን አንሥቻለሁ» አሉ። ያለምወርቅ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቄሱ የሞቀውን ብርሌ በሁለት እጃቸው አነሡት። ይፋጃል፤ አልለቀቁትም። «ልጄ» አሉ፣ እንባቸው ጺማቸውን እያራሰው። ከጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው ደረታቸው ላይ ታቀፉት። ሰው ሊቀበላቸው እጁን ቢዘረጋም፣ ውኃው ከቀዘቀዘ በኋላም ብርሌውን አልሰጡም።