የጠይባ አርባ አንድ ሰዎች

ቲቸር እንደሻው ሐኪም የሆኑት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። በዚያው ሳምንት ዳኛም ፓይለትም ሆኑ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሳ ድረስ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ሹመት የሰጠቻቸው ጠይባ ናት። ጠይባ አሰላ ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አላት። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ታነሣለች፤ በሠርግ ወራት ዴራና ሲሬ ድረስ ትጠራለች። በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ውጭ አገር ላለ አንድ የፎቶ መሸጫ ድረ ገጽ ሥራዎቿን ትልካለች። ድረ ገጹ ፎቶውን በርካሽ ነው የሚሸጠው። ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው «ፈገግ ያለ አፍሪካዊ ሐኪም» ብሎ ይፈልጋል፣ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ፎቶውን ይወስዳል፣ ከዚያችው ሳንቲም ላይ ለጠይባ ድርሻዋ ይደርሳታል።

ፈገግ ያለው አፍሪካዊ ሐኪም ታዲያ ቲቸር እንደሻው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምረዋል፤ ጠይባንም ዘጠነኛ ክፍል አስተምረው ጥለዋታል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት መዋል ከብዷቸው ነበርና አንድ ቀን ጉርድ ፎቶ ሊነሡ ገብተው እዚያው ቀሩ። ፊታቸው የማይሆነው ነገር የለም። ነጭ ጋዋን ሲለብሱ ሕመምን ንገሯቸው ንገሯቸው ያሰኛሉ፤ ሱፍ ሲለብሱ ደግሞ ብድር ለመጠየቅ ያስፈራሉ።

ነገር የመጣው ድረ ገጹ ሲሸጥ ነው። የገዛው ኩባንያ እየገዛ፣ ወጪ እየቀነሰ፣ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ አትርፎ የሚሸጥ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነበር። በገዛ በወሩ ለጠይባ ደብዳቤ ደረሳት። የፎቶ አንሺዎች ድርሻ በግማሽ ቀንሷል። በወር ሦስት መቶ አዲስ ፎቶ ያልላከ ይሰረዛል። በተለይም «አዳዲስ ፊቶች» ይፈለጋሉ።

ጠይባ ደብዳቤውን ከስልኳ ላይ እየተረጎመች አነበበችላቸው።

«ለመሸጥ ሊያደልቡን ነው መሰለኝ፣ ቲቸር።»

«ኧረ ተይ! የአቦምሳ ነጋዴ እንኳ በሬ ሊሸጥ ሲያስብ መጀመሪያ ያበላዋል» አሉ ቲቸር። «እነዚህ እያስራቡ ነው ማደለብ የፈለጉት።»

«አዲስ ፊትስ ከየት አመጣለሁ? ወላሂ፣ ሰው የፎቶ ፍቃድ ፈርምልኝ ስለው መሬቴን ልትወስጂ ነው ይለኛል።»

ቲቸር ተነሥተው መስታወቱ ፊት ቆሙ። አገጫቸውን ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያዞሩ ዳሰሱ።

«ፂሜን ብቆርጠውስ?» አሉ።

በሁለት ወር ውስጥ ያልሆኑት የለም። መጀመሪያ ሙሉ ፂም፣ ከዚያ ሪዝ ብቻ፣ ከዚያ ልሙጥ። ፀጉራቸውን ጥቁር ቀለም ተቀቡ፤ ደግሞ አስለቀቁት። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሐመልማል ደንበኞቿ ያልወሰዱትን ኮት ሁሉ ታውሳቸው ነበር፤ አንዳንዱ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነው ልካቸው የሚሆነው። በጭላሎ ግርጌ ገብስ ማሳ ውስጥ ቆመው ገበሬ ሆኑ። በማግስቱ በዚያው ማሳ ክራቫት አስረው ለገበሬው ብድር የሚሰጡ ባለሥልጣን ሆኑ።

ጠይባ አልዋሸችም። በእያንዳንዱ የፍቃድ ቅጽ ላይ የሰውየውን ስም «እንደሻው» ብላ ጽፋለች፤ እሳቸውም ፈርመዋል። ነገር ግን ድርጅቱ ቅጽ የሚያነቡትን ሠራተኞች ለወጪ ቅነሳ አሰናብቶ፣ ፊት አይቶ ሰው የሚቆጥር ኮምፒውተር አስገብቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ቆጠረ። አሰላ ውስጥ አርባ አንድ ልዩ ልዩ ሰዎች አገኘ።

ይህንንም ያወቁት ነህምያ ሲመጣ ነው። ነህምያ ድርጅቱ አዲስ አበባ ላይ የቀጠረው ወኪል ነው። በስስ ጃኬት መጥቶ የአሰላ ብርድ ጥርሱን እያጋጨው ገባና አንድ ወፍራም ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አርባ አንዱን ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ማግኘት አለብኝ» አላት ጠይባን።

«የትኞቹን አርባ አንድ?»

«ሞዴሎችሽን ነዋ! አዲስ ውል ይፈርማሉ።» ፎቶዎቹን እንደ ካርታ ጨዋታ ደረደራቸው። «ለምሳሌ ይሄን ዳኛ የት አገኘዋለሁ?»

ቲቸር እንደሻው ጥግ ላይ አግዳሚው ላይ ጋቢ ለብሰው፣ ያልተላጨ አገጫቸውን እያከኩ ተቀምጠዋል።

«ዳኛው እዚህ ነው» አሉ። «ምን ፈለግክ?»

ነህምያ ፎቶውን አየ፤ እሳቸውን አየ።

«ፓይለቱስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከዳኛው ጋር አብሮ ተቀምጧል።»

ልጁ አርባ አንዱንም ፎቶ አንድ በአንድ እያነሣ ከፊታቸው ጋር አስተያየ። ሲጨርስ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሳላስፈርም ብመለስ ያባርሩኛል» አለ።

«እስቲ ውሉን አምጣው» አሉ ቲቸር።

መነጽራቸውን ሰክተው፣ ቀይ እስክሪብቶ ተቀብለው፣ የፈተና ወረቀት እንደሚያርም ሰው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ጠይባ ይህን ፊት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስለምታውቀው አንገቷን ደፋች።

«ፊቴን ለዘላለም ይወስዱታል» አሉ በመጨረሻ። «ኮምፒውተራቸው ከእሱ እየቀዳ ራሱ ፎቶ ይሠራል። ያኔ ጠይባም ካሜራዋም እኔም አናስፈልግም። ለዚህ የሚከፈለው ለሰው ሠላሳ ዶላር፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ተማሪ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።»

«አርባ አንድ ጊዜ ቢፈርሙስ?» አለ ነህምያ እያፈረ። «እነሱ እንደሆኑ አርባ አንድ ሰው ነው የሚሉት።»

ጠይባ ቀና አለች። ዓይኗ ውስጥ አንድ አዲስ የካሜራ ሌንስ ሲያልፍ ቲቸር አዩት።

«እሱ ሌብነት ነው» አሉ ጣታቸውን ወደ እሷ ቀስረው። «አርባ አንድ ጊዜ እምቢ ማለት ግን ሌብነት አይደለም።»

በእያንዳንዱ ውል ግርጌ «አልስማማም» ብለው እየጻፉ ፈረሙ። አሥራ ስድስተኛው ላይ እጃቸው ደክሞ ሻይ ጠጡና ቀጠሉ። ነህምያም እዚያው ቁጭ ብሎ ሪፖርቱን ጻፈ፤ ጮክ ብሎም አነበበላቸው፦

«ከአርባ አንዱ አንድም ሳይቀር ሁሉንም በአካል አግኝቻለሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ እምቢ ብለዋል። ስለ እነሱ የሚናገረው እንደሻው የሚባል ጡረተኛ መምህር ነው።»

«ውሸት አለበት?» አሉ ቲቸር።

«አንዲትም የለበትም።»

«በል ላከው።»

ሪፖርቱ የላይኞቹን አለቆች አስደነገጠ። ለካ ድርጅቱ ድረ ገጹን ለሌላ ገዢ ሊሸጥ እየተደራደረ ኖሯል፤ ገዢው ደግሞ ጭቅጭቅ ያለበት ንብረት አልፈልግም ብሏል። አንድ የገጠር ከተማ ውስጥ አርባ አንድ ሰው አድሟል ማለት ለእነሱ ቀላል ወሬ አልነበረም። በሳምንቱ መምህሩን በቪዲዮ ማነጋገር እንፈልጋለን አሉ።

ቲቸር ለዚያ ቀን አልተላጩም፤ ጋቢያቸውንም አላወለቁም። በጠይባ ላፕቶፕ ላይ አንዲት ኮስታራ ሴት ብቅ አለች። ነህምያ ከአዲስ አበባ ሆኖ ያስተረጉማል።

«ሰዎቹ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

«ድርሻው ወደ ድሮው ይመለስ። ፊታችን ለኮምፒውተር አይሰጥ። ሦስት መቶ የምትባለዋም ግዴታ ትቅር።»

«ሁሉም በዚህ ይስማማሉ?»

«በመካከላችን የሐሳብ ልዩነት ታይቶ አያውቅም» አሉ ቲቸር በጣም በእርጋታ።

ጠይባ ከላፕቶፑ ጀርባ የሻሿን ጫፍ ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ነካካች፤ ግንባሯን ቋጠረች።

«ይቅርታ» አለች በነህምያ አፍ፤ የነህምያ ድምፅ በታፈነ ሳቅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። «ኮምፒውተራችን እርስዎን አያውቅዎትም። ከአርባ አንዱ ውስጥ የሉም።»

«እኔ ፎቶ ላይ ብዙም አላምርም» አሉ ቲቸር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ለአሰላው ቡድን ድርሻው ይመለሳል፣ ፊታቸውም ለኮምፒውተሩ አይሰጥም፤ ነገሩ ግን በምስጢር ይያዝ። የሌላ አገር ፎቶ አንሺዎች እንዳይሰሙ ማለታቸው ነው። ጠይባ በዚያው ቀን በፎቶ አንሺዎቹ የስልክ ቡድን ላይ ለማኒላውም ለናይሮቢውም ለጠፈችው፤ ምስጢር ጠብቂ የሚል ውል አልፈረመችምና።

ቲቸር ያን ቀን ከፎቶ ቤቱ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ክፍል ጸጥ አሰኝቻለሁ» አሏት። «ሙሉ ክፍል መሆን ግን እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።»

በዓመቱ ድረ ገጹ እንደገና ተሸጠ፤ አዲሱ ገዢ ነህምያን ከመቶ ሰዎች ጋር አሰናበተው። ደውሎ ሲነግራቸው ቲቸር ብዙም አላጽናኑትም፤ በማግስቱ ወደ አሰላ የሚነሣ መኪና ላይ ተሳፈር ብቻ አሉት። አሁን ነህምያ ፎቶ አንሺዎች ራሳቸው ዋጋ የሚተምኑበት አነስተኛ ድረ ገጽ እየሠራ ነው። ጠይባ ፎቶውን ታቀርባለች፣ ቲቸር እንደሻው ውሉን በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ጓደኛዋ ፈይሩዛ ደግሞ ወደ ኦሮምኛ ትመልሰዋለች። ሥራው እየሄደ ነው። የድረ ገጹ ስም ላይ ግን አራቱ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም።