በአካል ለመጡ ብቻ

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አማቴን በግራ ጎናቸው አዞርኳቸው፤ ጀርባቸውን ለብ ባለ ውሃ ጠርጌ ቅባት ቀባኋቸው። ዳሌያቸው ላይ ያለው ቁስል ከትናንቱ ሰፍቷል። ሻያቸውን በማንኪያ ካጠጣኋቸው በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። ነርሷ ያዘዘችው፣ በአየር የሚሞላው ፍራሽ ከሕክምና ዕቃ መደብሩ ገጽ ላይ አለ፤ ዋጋው ግን የመደብሩ የቅናሽ ማስታወቂያ እንዳለው አልቀነሰም። ስደውል ቅናሹ በአካል ለሚመጡ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። በሙሉ ዋጋው ደግሞ አልችለውም።

አማቴ ሰምተዋል። "ቅናሹ ለእግር ነው በይኛ" አሉ። "እግር ቢኖረኝ ፍራሹ ምን ያደርግልኝ ነበር?"

እሳቸውን ትቼ መውጣት ስለማይሆንልኝ ከዚያ መደብር የምናዘው ሁሌም በስልክ ነው። ደንበኝነቱን ያስመዘገበው ባለቤቴ ነበር፤ ከሞተ በኋላም አልቀየርኩትም። እያንዳንዱ ካርቶን ስሙ የታተመበት ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል። አማቴ ወረቀቱን አስልጠው ትራሳቸው ሥር ያኖሩታል። "ዛሬም ልጄ ላከልኝ" ይላሉ። አእምሯቸው ደህና ነው፤ መሞቱን ያውቃሉ። እኔም አላርማቸውም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የምትዘመዝመውን ቀሚስ ይዛ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችልኝ። መሄድ ለሚችል ቀንሰው መሄድ ለማይችል የማድረሻ ክፍያ መጨመራቸው እያናደዳት ነበር የሸኘችኝ።

መደብሩ ስደርስ ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል። የታመመ የሚመስል ሰው አላየሁበትም፤ የታመመማ ቤቱ ነው።

ገንዘብ ተቀባይዋ ስልክ ቁጥሬን አስገብታ ስክሪኑን አየች። "የተመዘገቡት ባለቤትዎ ናቸው?"

"አዎ።"

"ቅናሹ ለተመዘገበው ሰው ነው፤ እሳቸው ይምጡ። እስከ ቅዳሜ ይቆያል።"

"አይመጣም።"

ከኋላዬ የቆመችው ሴት ሳቀች። "የኔውም እንደዚሁ ነው እህቴ፤ ገበያ ሲባል ወገቡን ያመዋል።"

ፈገግ አልኩላት።

ገንዘብ ተቀባይዋ ክፉ አልነበረችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ስሙን አጥፍታ የእኔን ብትተካ ቅናሹ እንደሚደርሰኝ ነገረችኝ። የጠፋው ግን አይመለስም።

"ላጥፋው?"

ቁስሉን አሰብኩ።

"አጥፊው" አልኳት።

ፍራሹን ከሰዓት በኋላ አደረሱልን። ከልብስ ሰፊዋ ጋር ተጋግዘን አነጠፍነው፤ የአየር መሙያ ሞተሩ ሲነሳ አማቴ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ልጬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ሲያዩት ቆዩ።

"አንቺ ነሽ" አሉ። ፍራሹን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ደግሞ፣ "ፍራሹ ይመቻል።"

ወረቀቱን መለሱልኝ።

ትናንት ጓንትና ቅባት መጣ። አማቴ እጃቸውን አልዘረጉም፤ ካርቶኑን ከነወረቀቱ ጣልኩት። ቁስሉ እየጠገገ ነው። በእሱ ስም ወደዚህ ቤት የሚመጣ ነገር የለም።